ጉድጓድ ከማስቆፈራችሁ በፊት፦ ስለ ሆፒ ምንጮችና ስለሚጠብቋቸው ሰዎች

ጥያቄ፦ «በፊኒክስ፣ አሪዞና የምንኖር ኢትዮጵያውያን አነስተኛ የመረዳጃ ማኅበር አለን። ከከተማችን በስተ ሰሜን የሚኖሩት ሆፒ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ቅዱስ የሚሏቸው ምንጮች በከሰል ኩባንያ ምክንያት እንደ ደረቁ፣ አለቃቸው ግን ታግሎ ኩባንያውን እንዳስወጣ ሰማን። ኩባንያው ከወጣ ዓመታት ካለፉ ውሃው ለምን አልተመለሰም? ገንዘብ አሰባስበን አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ብናስቆፍርላቸው ይጠቅማል? ምንጮቹንስ ሄደን ለመሳለምና እንደ ጠበል ለመቅዳት ይፈቀድልናል?»

ምላሽ፦ የመጨረሻውን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ። ከምንጮቹ ውሃ መቅዳት አይገባችሁም፤ ጉድጓዱንም አታስቆፍሩ። ውሃው ለምን አልተመለሰም ለሚለው ግን አጭር መልስ የለኝም፤ ምክንያቱም ጥያቄው ሲነሣ ጀምሮ ምንጮቹ ሁሉ ከአንድ የከርሰ ምድር ውሃ እንደሚፈልቁ፣ ሆፒዎችም በአንድ አለቃ እንደሚመሩ፣ ኩባንያውንም ያስወጣው የእርሱ ትግል ብቻ እንደ ሆነ ተደርጎ ተወስዷል። ከእነዚህ ግምቶች አንዱም ትክክል አይደለም፤ እያንዳንዱም እናንተ ልታደርጉት ባሰባችሁት ነገር ላይ ለውጥ ያመጣል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሆፒ ምድር በአሪዞና ሰሜን ምሥራቅ፣ ዙሪያውን በናቫሆ ሕዝብ ሰፊ ግዛት ተከቦ ይገኛል። ብላክ ሜሳ ከሚባለው ታላቅ ደጋማ ስፍራ ወደ ደቡብ የወጡ ሦስት አምባዎች አሉ፤ አብዛኞቹ የሆፒ መንደሮች በእነዚህ አምባዎች አናትና ግርጌ ሲሠሩ፣ ከእነርሱ ርቃ በምዕራብ በኩል ደግሞ ሞኤንኮፒ ትገኛለች። በሦስተኛው አምባ ላይ ያለችው ኦራይቢ በሰሜን አሜሪካ ሳይቋረጥ ሰው ከኖረባቸው እጅግ ጥንታውያን ስፍራዎች አንዷ ናት። የዓመቱ ዝናብ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በአምባዎቹ ሥር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። በቆሎውን ያለ መስኖ፣ በእንጨት መቆፈሪያ ጉድጓድ እየማሱ፣ እርጥበቱ ወዳለበት ጥልቀት አስገብተው ይዘሩታል፤ ዘሩ ከ15 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ሊቀበር ይችላል። ለመጠጥ፣ ለጓሮ አትክልትና ለሥርዓተ እምነታቸው የሚተማመኑት ግን በምንጮች ነው። መንደሮቹ እዚያ የተመሠረቱት ምንጩ እዚያ ስለ ነበረ ነው፤ ስለዚህ በሆፒ ዘንድ ምንጭ ሲደርቅ የሚነካው የውሃ አቅርቦት ብቻ ሳይሆን መንደሩ በዚያ ስፍራ የመኖሩ ምክንያት ጭምር ነው።

ወደ አመራሩ ስንመጣ፣ ሆፒዎች አንድ አለቃ የላቸውም። በነባሩ ሥርዓት እያንዳንዱ መንደር ራሱን የቻለ ነው፤ ኪክሞንግዊ የሚባል የመንደር መሪ ይኖረዋል፤ በእናት ወገን የሚቆጠሩት ጎሳዎችም በእርሻው፣ በሥርዓቱና በምንጮቹ ላይ የየራሳቸው ድርሻና ኃላፊነት አላቸው። ከዚህ ጎን በ1936 በጸደቀ ሕገ መንግሥት የተቋቋመ የሆፒ ነገድ ምክር ቤት አለ። ከፌዴራል መንግሥት ጋር የሚዋዋለው፣ በጀት የሚያጸድቀው፣ በፍርድ ቤት ነገዱን ወክሎ የሚቆመው ይህ ምክር ቤት ነው። ሁለቱ ሥልጣኖች ሙሉ በሙሉ አልተዋሐዱም፤ የምክር ቤቱን ሥልጣን ባለመቀበል ወኪል ሳይልኩ የኖሩ መንደሮችም አሉ። ለውጭ ሰው ይህ የቤት ውስጥ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የውሃው ነገር የተበላሸው በዚሁ ስንጥቅ በኩል በመሆኑ ሊታለፍ አይገባም።

በ1966 ምክር ቤቱ ፒቦዲ ከተባለው የከሰል ኩባንያ ጋር ውል ሲገባ የምክር ቤቱ ጠበቃ ጆን ቦይደን ነበር። ይህ ሰው በዚያው ዘመን ለፒቦዲም ይሠራ እንደ ነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ በተገኙ ሰነዶች ታውቋል። ውሉ ከሰሉን ብቻ ሳይሆን ከከሰሉ እጅግ ጠልቆ የሚገኘውንና በአካባቢው ካለው ውሃ ሁሉ ጥራቱ የላቀውን የከርሰ ምድር ውሃ አሳልፎ የሚሰጥ ነበር። መጀመሪያ የተተመነው ዋጋ ለ1,233 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን ሊትር ለሚበልጥ ውሃ፣ 1 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነው። በ1971 የመንደር መሪዎችና የእምነት አባቶች ይህ ውል ያለ እኛ ፈቃድ የተደረገ ነው ብለው የፌዴራሉን መንግሥት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ግን የክሱን ፍሬ ነገር ሳይመረምር መዝገቡን ዘጋው፤ ምክንያቱም ውሉን የፈረመው ምክር ቤት የጉዳዩ ተካፋይ ሳይሆን ውሉ ሊፈርስ አይችልም፤ ምክር ቤቱ ደግሞ ያለ ፈቃዱ ሊከሰስ አይችልም ተባለ። በሌላ አነጋገር፣ ለነገዱ ሉዓላዊነት መከታ እንዲሆን የታሰበው ሕግ የነገዱን ሽማግሌዎች አቤቱታ መዝጊያ ሆነ።

ስለዚህ ትግሉ በውጭ ባላንጣ ላይ ብቻ የተካሄደ አልነበረም፤ በራሳቸው ተቋማት ውስጥም ነበረ። የዚህ ምሳሌ አድርጌ የምጠቅሳቸው ሰው ቬርኖን ማሳየስቫ ናቸው። ከ1989 እስከ 1993 የነገዱ ሊቀመንበር ሆነው ከሠሩ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ብላክ ሜሳ ትረስት የተባለውን ድርጅት መሥርተው የውሃውን ነገር ከምክር ቤቱ አዳራሽ ወጥተው ይዘውታል። የመንደር ሽማግሌዎች ስለ ምንጮቹ የሚያውቁትንና የመለኪያ መሣሪያዎች ያሳዩትን ጎን ለጎን ማቅረባቸው ከሁሉ በላይ የጠቀመ ይመስለኛል፤ እምነትን በሳይንስ ለማስመስከር ወይም ሳይንስን በእምነት ለመሻር አልሞከሩም። ሌሎች ደግሞ በሆፒ ዘንድ ጥንታዊ በሆነው በሩጫ መጡ። በመጋቢት 2006 የሆፒ ሯጮች ስለ ውሃ መልእክት ይዘው እየተቀባበሉ ከአምባዎቹ እስከ ሜክሲኮ ሲቲ፣ አራተኛው የዓለም የውሃ ጉባኤ እስከ ተካሄደበት ስፍራ ድረስ ሮጠዋል። በአምባዎቹ ዙሪያ ስለ ውሃና ስለ ምንጮች የሚሮጠው የፓቱዋቃትሲ ሩጫም ከዚሁ ወገን ነው።

ኩባንያው እንዴት እንደ ወጣ ደግሞ ሳይጋነን መነገር አለበት። የብላክ ሜሳ ማዕድን በ1970 ሥራ ሲጀምር ከሰሉ ይፈጭና ግማሽ ያህሉ ውሃ በሆነ ድብልቅ ተለውሶ፣ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቧንቧ ኔቫዳ ውስጥ ወደሚገኘው የሞሃቬ የኃይል ማመንጫ ይላክ ነበር። ለዚህ ሥራ በዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ንጹሕ ውሃ ይሳብ ነበር። የሆፒም የናቫሆም ሰዎች ይህ እንዲቆም ለዓመታት ጮኸዋል፤ የናቫሆ ምክር ቤትም በ2003 የውሃው መሳብ በ2005 መጨረሻ እንዲያበቃ ወስኗል። ይሁን እንጂ ማመንጫው ታኅሣሥ 31 ቀን 2005 የተዘጋው በውሃው ምክንያት ብቻ አልነበረም። የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ስለ አየር ብክለት ከሰው በ1999 በተደረሰ ስምምነት ባለቤቶቹ የጭስ ማጣሪያ የመትከል ግዴታና የጊዜ ገደብ ነበረባቸው፤ የከሰልና የውሃ ውሉ ባልተቋጨበት ሁኔታ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አልፈለጉም። የውሃው ተቃውሞና የጭሱ ክስ ተገናኝተው አንዱ ብቻውን ሊያደርግ ያልቻለውን አደረጉ ማለት ነው።

ፒቦዲም በዚያ ጊዜ ጠቅልሎ አልወጣም። ጎረቤቱ የኬንታ ማዕድን እስከ 2019 ቀጥሏል፤ ከሰሉ በኤሌክትሪክ ባቡር ፔጅ አጠገብ ወደሚገኘው የናቫሆ የኃይል ማመንጫ ይሄድ ነበር። ይህ ማመንጫ እናንተን በቀጥታ ይመለከታል፤ ከኃይሉ ሩብ ያህሉ የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻ ሆኖ የኮሎራዶን ወንዝ ውሃ 540 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቦይ ወደ ፊኒክስና ቱሳን ለሚያደርሰው ፕሮጀክት ፓምፖች ተመድቦ ነበር። ውሃው ከወንዙ ተነሥቶ መጨረሻው እስኪደርስ ከ850 ሜትር በላይ ሽቅብ መገፋት አለበት። በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ፊኒክስ መድረስ የጀመረው ውሃ ለአሥርት ዓመታት ሽቅብ የተገፋው በአብዛኛው በብላክ ሜሳ ከሰል ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ማኅበራችሁ ጉዳዩን ከሩቅ የሚያይ በጎ አድራጊ ብቻ ሳይሆን በጥቅሙ በኩል የገባ ወገን መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ፦ ከከሰሉ የሚገኘው ገቢ ለረጅም ጊዜ የሆፒ ነገድ በጀት አብዛኛው ክፍል ነበር። በ2019 ሲቋረጥ ሥራና አገልግሎት አብሮ ተቋርጧል፤ ስለዚህ መዘጋቱን በደስታ ብቻ የተቀበለ መንደር አታገኙም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ውሃው ለምን አልተመለሰም ወደሚለው ልግባ። በሆፒ ምድር ቢያንስ ሁለት ዓይነት ምንጮች አሉ፤ ብዙ ሰዎች አንድ ላይ ይጨፈልቋቸዋል። በአምባዎቹ ወገብ ላይ የሚፈልቁት ብዙዎቹ ቶሬቫ ከሚባለው የአሸዋ ድንጋይ የሚወጡ ናቸው፤ ድንጋዩ ስሙን ያገኘው በሁለተኛው አምባ ካለችው ከቶሬቫ ነው። ዝናቡና በረዶው በአሸዋ ድንጋዩ ሰርጎ ይወርድና ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ጭቃማ ድንጋይ ሲያጋጥመው ወደ ጎን ሄዶ በገደሉ ላይ ይወጣል። ይህ ውሃ ክምችቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ድርቅን ቶሎ ያንጸባርቃል። ከ2000 አካባቢ ጀምሮ ደቡብ ምዕራብ አሜሪካን የያዘው ረጅም ድርቅና የሙቀቱ መጨመር እነዚህን ምንጮች ቢያመነምናቸው የሚያስገርም አይደለም፤ ማዕድኑ ሲዘጋ መልሰው ይፈልቃሉ ብሎ መጠበቅም ልክ አይደለም።

ሁለተኛው ወገን ከዚህ እጅግ ጠልቆ ከሚገኘው የናቫሆ አሸዋ ድንጋይ የሚወጣው ነው፤ በሞኤንኮፒ አካባቢ ያሉት ምንጮች ከዚህ ይመደባሉ፤ ፒቦዲም ይስብ የነበረው ይህንኑ ነው። ከዚህ ውሃ ብዙው በአሁኑ ዝናብ የተጠራቀመ አይደለም፤ ከአሥር ሺህ ዓመታት በፊት፣ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ በነበረበት ዘመን የሰረገ ነው። ኩባንያው ለብዙ ዓመታት ያቀርበው የነበረው መከራከሪያ የሚሳበው ውሃ ከጠቅላላው ክምችት እጅግ ጥቂቱ ነው የሚል ነበር። ስሌቱ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄውን ግን አይመልስም። አንገቱ ላይ የተበሳ ጋን ውሃ የሚያፈሰው እስከ ቀዳዳው ሲሞላ ነው፤ ከላይ አንድ ጣት ያህል ቢጎድልለት፣ ሆዱ ሙሉ ቢሆን እንኳ በቀዳዳው የሚወጣው ይቋረጣል። ምንጭም የሚፈሰው በከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍታና ግፊት እንጂ ከታች በተጠራቀመው መጠን አይደለም። ሆፒዎች «ምንጩ ቀነሰ» ሲሉና ኩባንያው «ክምችቱ ሙሉ ነው» ሲል ሁለቱ ስለተለያየ ነገር ይናገሩ ነበር፤ ክርክሩም ያን ያህል የረዘመው በከፊል በዚህ ይመስለኛል።

ከ2005 በኋላ ለኢንዱስትሪ የሚሳበው ውሃ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቀንሷል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ከ1971 ጀምሮ በሚያካሂደው ክትትል ውስጥ በማዕድኑ አቅራቢያ ባሉ አንዳንድ የመመልከቻ ጉድጓዶች ውሃው መልሶ ከፍ ማለቱ ታይቷል። በሌላ በኩል የሞኤንኮፒ ትምህርት ቤት ምንጭ ተብሎ የሚለካው ምንጭ በረጅሙ መዝገብ ፍሰቱ ሲቀንስ ይታያል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሞኤንኮፒ ከማዕድኑ ሩቅ ናት፤ ጎረቤቷ ቱባ ሲቲም ከዚያው ድንጋይ ለነዋሪዎቿ ውሃ ትስባለች፤ ድርቁም አለ። ስለዚህ ቅነሳውን በሙሉ በከሰሉ ላይ መጫን እንደማይቻል ሁሉ ከሰሉን ነጻ ማውጣትም አይቻልም። የከሰሉ ፓምፖች ከቆሙ ወዲህ ደግሞ ከዚህ ድንጋይ ትልቁን ውሃ የሚስቡት የናቫሆና የሆፒ ከተሞችና መንደሮች ራሳቸው ናቸው። ሰው ቧንቧ ውሃ ማግኘት መብቱ ነው፤ ነገር ግን ለምንጩ ግፊት ውሃውን የሳበው ማን ይሁን ማን ልዩነት የለውም። በእንዲህ ያለ ዘገምተኛ ዓለት ውስጥ ለ35 ዓመታት የወረደ ግፊት በሁለትና በሦስት ዓመት አይመለስም።

ጉድጓድ አታስቆፍሩ ያልሁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ምንጩን ለማዳን ብላችሁ ምንጩ ከሚመገብበት ዓለት ልትስቡ ትችላላችሁ። ሌላው ምክንያት አርሴኒክ የተባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው አምባ አካባቢ ያሉት የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ከዓለቱ በተፈጥሮ የሚሟሟ አርሴኒክ አለባቸው። የፌዴራሉ መንግሥት ከ2006 ጀምሮ ተፈጻሚ ያደረገው ደንብ በአንድ ሊትር ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ አይፈቅድም፤ የእነዚህ መንደሮች ውሃ ግን ለብዙ ዓመታት ከዚህ በላይ ነበር። ይህ በማዕድኑ የመጣ ብክለት አይደለም፤ ውሃውን በማፍላትም አይወገድም፤ እንዲያውም ሲፈላ ውሃው ተንኖ አርሴኒኩ ስለሚቀር ይበልጥ ይከማቻል። ነገዱ መፍትሔ ያደረገው አርሴኒኩ አነስተኛ በሆነበት ራቅ ያለ ስፍራ ጉድጓዶች ቆፍሮ ውሃውን በረጅም ቧንቧ ወደ መንደሮቹ ማምጣት ነው፤ ለዚህም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላርና ብዙ ዓመታት ጠይቋል። በበጎ ፈቃድ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ቦታውን በማያውቅ ሰው ከተመረጠ፣ ደንቡን የማያሟላ ውሃና የማያልቅ የፓምፕ ወጪ ትቶ ይሄዳል። ከዚህም ሁሉ በላይ መሬቱ የነገዱ ነው፤ ያለ መንደሩና ያለ ነገዱ ፈቃድ አንድ አካፋ አፈር ማንሣት አትችሉም፤ ልትችሉም አይገባም።

ቅዱስ መሆናቸው ብቻ ለምንጮቹ የሕግ ጥበቃ አይሰጣቸውም ወይ? ጠያቂው ይህን ባያነሡም ብዙዎች የሚገምቱት ስለ ሆነ እመልሰዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ መልሱ በአብዛኛው አይሰጣቸውም ነው። ከፍላግስታፍ በላይ ያሉት የሳን ፍራንሲስኮ ተራሮች በሆፒ እምነት ዝናብ የሚያመጡት መናፍስት፣ ካቺናዎች፣ የሚኖሩባቸው ናቸው። በተራሮቹ ላይ ያለ የበረዶ መንሸራተቻ ድርጅት ከታከመ የፍሳሽ ውሃ ሰው ሠራሽ በረዶ ሊሠራ ሲነሣ ሆፒን ጨምሮ በርካታ ነገዶች ከሰሱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2008 በሙሉ ችሎት ፈረደባቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 ጉዳዩን ለማየት አልተቀበለም። ሆፒዎች በሌላ መንገድ፣ በሕዝብ ላይ በሚደርስ ጉዳት ሕግ ቢሞክሩም የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ከሌላው ሕዝብ የተለየ ጉዳት አልደረሰባችሁም ብሎ መለሳቸው። ይህ ፍርድ እኔን ዛሬም ያስደንቀኛል፤ ሕጉ ግን እርሱ ነው።

በአስተዳደር በኩል የተሻለ ነገር ታይቷል። በሊትል ኮሎራዶ ሸለቆ፣ ሆፒዎች ወደዚህ ዓለም የወጣንበት ነው ከሚሉት ስፍራ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ኩባንያ ለኃይል ማመንጫ ግድቦች ሊሠራ ፈቃድ ጠይቆ ነበር። መሬቱ የናቫሆ ሲሆን ናቫሆዎችም ሆፒዎችም ተቃወሙ። የፌዴራሉ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በየካቲት 2024 ነገዱ በሚቃወምበት የነገድ መሬት ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታውቆ፣ በሚያዝያ የዚህን ፕሮጀክት ጥያቄ ውድቅ አደረገ። ነገር ግን ይህ የመሥሪያ ቤቱ አሠራር እንጂ በኮንግረስ የወጣ ሕግ ስላልሆነ ኮሚሽነሮች ሲለወጡ ሊለወጥ ይችላል።

እውነተኛው ጥበቃ ያለው በውሃ መብት ሕግ ውስጥ ነው። በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዊንተርስ በሚባለው ጉዳይ፣ ለነባር ሕዝቦች መሬት ሲከለል መሬቱን ለመኖሪያ የሚያበቃው ውሃም አብሮ እንደ ተከለለ ፈርዷል። የአሪዞና ፍርድ ቤቶችም ይህ መብት የከርሰ ምድር ውሃን እንደሚጨምር ተቀብለዋል። መብት መኖሩ ግን አንድ ነገር ነው፤ መጠኑ ተቆርጦ መታወቁ ሌላ። የሊትል ኮሎራዶ ተፋሰስ የውሃ ክርክር በፍርድ ቤት የተጀመረው በ1978 ነው፤ ጉዳዩን ሲጀምሩ ጎልማሶች የነበሩ ሰዎች ፍጻሜውን ሳያዩ አልፈዋል። በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በናቫሆዎች ጉዳይ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለነገዱ ውሃ ፈልጎ የማቅረብ ግዴታ የለበትም አለ። ከዚያ በኋላ ነገዶቹ ወደ ድርድር ማዘንበላቸው የሚጠበቅ ነበር። በግንቦት 2024 የሆፒ፣ የናቫሆና የሳን ሁዋን ደቡብ ፓዩት ምክር ቤቶች አንድ የጋራ የውሃ ስምምነት አጸደቁ፤ 5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቅ ሲሆን በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ካለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ፣ ከሌክ ፓወል፣ ወደ መንደሮቹ ውሃ የሚያመጣ ቧንቧ ይጨምራል። ኮንግረስ በሕግ ካላጸደቀውና ገንዘቡን ካልመደበ ግን ስምምነቱ ተፈጻሚ አይሆንም፤ በ2024 የቀረበው ረቂቅ ሳይጸድቅ ጊዜው አልፎ በ2025 እንደገና ቀርቧል። ስምምነቱ ፍጹም አይደለም፤ ነገዶቹ ቋሚ ነገር ለማግኘት ሲሉ ወደፊት ሊያነሡት የሚችሉትን ጥያቄ ይተዋሉ፤ የሚመጣውም ውሃ እየመነመነ ካለው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው። ሆኖም የመጠጥ ውሃ ከሌላ ቦታ ከመጣ ከናቫሆ አሸዋ ድንጋይ የሚሳበው ሊቀንስ፣ ምንጮቹም ሊተነፍሱ ይችላሉ። በዚህ ዘመን ለምንጮቹ ከቀረቡት አማራጮች ይህን የሚስተካከል አላየሁም።

ስለ ጉብኝቱና ስለ ጠበሉ። በእኛ ልማድ የተቀደሰ ውሃ ለመጣ ሁሉ የሚቀዳ፣ ከሩቅ የሚታመኑበትና ተይዞ የሚኬድ ነው። የሆፒ ምንጭ እንዲህ አይደለም። ጥበቃው የመንደሩና የጎሳው አደራ ነው፤ ምንጩን በጋራ ወጥተው ደለሉን ይጠርጋሉ፣ ድንጋዩን ይጠግናሉ፣ በሆቴቪላና በባካቪ ከምንጩ ሥር በእርከን የተሠሩ የአትክልት ቦታዎችን ያጠጣሉ፣ ጸሎታቸውንም እዚያ ያኖራሉ። ለጸሎት የተቀመጠ ላባ ወይም ሌላ ነገር ብታዩ አትንኩ፤ ሳንቲም፣ መቁጠሪያ ወይም ሻማም አትተዉ። ስለ ሥርዓቱ ዝርዝር ብዙ ያልጻፍሁት ሆን ብዬ ነው፤ ለማን እንደሚነገር የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። በመንደሮቹ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ድምፅ መቅዳትና ሥዕል መሣል ክልክል ነው፤ በሥርዓት ጊዜም መንደር ለእንግዳ ሊዘጋ ይችላል። አምባዎቹን ማየት ከፈለጋችሁ የሆፒ ተወላጅ አስጎብኚ ይዛችሁ፣ እርሱ በሚወስዳችሁ መንገድ ብቻ ሂዱ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የጉድጓዱን ሐሳብ ተዉት። ገንዘብ ማሰባሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ለአንድ መንደር አስተዳደር ወይም ለሆፒ የባህል ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፉና ምንጭ በማደስ ወይም እርከን በመጠገን ሥራ የውጭ እርዳታ የሚፈልጉ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ምን እንደሚሠራ፣ በማን እንደሚሠራና ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ የሚወስኑት እነርሱ ይሁኑ። አንዱ መንደር ቢፈቅድ ፈቃዱ ለሌላው መንደር እንደማይሠራ ከላይ ካልሁት ይገባችኋል። ከአባሎቻችሁ የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው ደግሞ ለኮንግረስ ተወካያቸውና ለሁለቱ የአሪዞና ሴናተሮች ስለ ውሃው ስምምነት ይጻፉ፤ በፊኒክስ የሚኖር መራጭ ድምፁ በዚህ ጉዳይ ከአምባዎቹ ነዋሪ ይልቅ ይሰማል፤ ተገቢ ባይሆንም እውነታው ይህ ነው። ስትጽፉም ስምምነቱን በስሙ ጥቀሱት፤ የሰሜን ምሥራቅ አሪዞና ነባር ሕዝቦች የውሃ መብት ስምምነት ይባላል። ለደብዳቤያችሁ ከመንደሩ መልስ ባይመጣ ደጋግማችሁ አትወትውቱ፤ ያሰባሰባችሁት ገንዘብ ካለም ሌላ ፈቃድ ሳታገኙ በሆፒ ስም ለሦስተኛ ወገን አትስጡት።